የክንዱ ፎቶ ቤት የኋላ ደረጃ

ኢንስፔክተር እንቁ ዘሩ ሰኞ ጠዋት ቡሬ ፍርድ ቤት ደጅ ተራዋን ስትጠብቅ ከፍኖተ ሰላም ተደወለላት። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ቆረጠው። በሦስተኛው የሳጅን ደጀኔ ድምፅ ገባ። ፎቶ አንሺው ምስክር ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ሞቶ ተገኝቷል፤ ከደረጃ ወድቆ ነው፤ ነገሩ ግልጽ ስለሆነ አስከሬኑን ለቤተሰቡ እንስጥ ወይ ሲል ጠየቃት። እንቁ ምስክርን በስም ታውቀዋለች። በዚያ አካባቢ እርሱ ያነሳውን ፎቶ ግድግዳው ላይ ያልሰቀለ አዲስ ሙሽራ ጥቂት ነው። እስክትደርስ ማንም ምንም እንዳይነካ አዝዛ ስልኩን ዘጋች።

መንገዱ በዚያ ሳምንት ክፍት ቢሆንም ሚኒባሱ እስኪሞላ ረፈደ። ፍኖተ ሰላም ስትደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል።

ክንዱ ፎቶ ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ የጉርድ ፎቶ የሚነሳበት ጠባብ ሱቅ ሲሆን ላይኛው ትልቁ የፎቶ ክፍል ነው። ከላይኛው ክፍል ሁለት በሮች ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ ሌላው ወደ ጓሮ። የጓሮው በር መደገፊያ በሌለው ዘጠኝ የሲሚንቶ ደረጃ ይወርዳል። ምስክር ከደረጃው ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተኝቷል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ይሁን እንጂ እንቁን ያስቆማት ቁስሉ አልነበረም። ጥፍሮቹ ሥር አፈር አለ፤ ከእግሩ በስተኋላም መሬቱ ሁለት ክንድ ያህል ተፍቋል። ሐኪሙ እንደሚለው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ በሕይወት ቆይቷል፤ የሞተውም እሑድ ወደ ማምሻው ላይ ነው።

እንቁ ቀና ብላ በሩን አየችና ደጀኔን ጠየቀችው።

«አንተ ወደዚህ ደረጃ የወጣኸው በየት ነው?»

«የመንገዱን በር ጓጉንቸር ሰብሬ፣ በላይኛው ክፍል አልፌ፣ በዚሁ በር ነው። መቀርቀሪያውን ስቤ።»

«ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ ተቀርቅሮ ነበር።»

«የወደቀው ሰው ውጭ ነው ያለው። ከውስጥ ማን ቀረቀረው?»

አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ጉዳዩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የግድያ ሆነ።

እንቁ ያደገችው ዱርቤቴ ነው፤ እናቷ ጤፍ ስትሸጥ አጠገቧ ተቀምጣ። እህል የሚሰፍር ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን ማየት እንደሚገባ የተማረችው ከዚያ ገበያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በመርማሪነት ስትሠራም የጨመረችበት ነገር ብዙ አይደለም።

ላይኛው ክፍል ውስጥ የተሰረቀ ነገር አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከተማው ሁሉ ያወራለት አዲሱ ካሜራ ትራይፖድ በሚባለው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ እንደቆመ ነው። ምስክር ከአባቱ የወረሰውን ባሕር ዛፍ ሽጦ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ወርዶ የገዛው ነው። እንቁ ካሜራውን ከፍታ ዓይኗን አንሺው በሚያይባት ቀዳዳ፣ ማያው ላይ አስጠጋች። ክፍሉ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ታያት። ደጀኔም ሞከረ፤ ለእርሱም ያው ጭጋግ ነው። ምናልባት ተበላሽቶ ይሆናል አለ። እንቁ ግን ማንም እንዳይነካካው አድርጋ በሣጥኑ አሽጋ ወሰደችው።

የሕንፃው ባለቤት ወይዘሮ ደስታነሽ ጓሮው ውስጥ ከወዲያኛው ጥግ የሚኖሩ፣ አስከሬኑን ማለዳ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ያገኙ ሴት ናቸው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ማኅበር ውለው ሲመሽ በቤታቸው የመንገድ በር እንደገቡና ወደ ጓሮ ብቅ እንዳላሉ ተናገሩ። መደገፊያ ለማሠራት ስንት ጊዜ ቃል ገብተው እንደተውት ሳይጠየቁ አምነው አለቀሱ። ያስጨነቃቸው ይኸው ነበር።

ያምሮት የምስክር እጮኛ ናት፤ ቡሬ ታስተምራለች። ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። እንባዋ ደርቆ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መለሰች። በባሕር ዛፉ ቤት ሊሠሩ ተስማምተው ሳለ ካሜራ ገዝቶ በመመለሱ እንደተቆጣችው አልደበቀችም። እሑድ ግን ታርቀዋል። ምስክር ጠዋት ከከተማው ወጣ ባለች የማርያም ደብር ቅዳሴ ሲያነሳ አርፍዶ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ሽሮ አቅርባ አብረው በሉ። ስምንት ሰዓት ላይ የቡሬ ሚኒባስ ልትሳፈር ስትነሳ የካህናቱን ፎቶ እዚያው ካሜራው ላይ አሳያት።

«በጀርባው ስክሪን ነው ያየሽው?»

«አይ፣ ዓይንሽን እዚህ አስጠጊ ብሎኝ ነው። የአለቃውን የጢም ፀጉር አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ነው ንዴቴ የወጣልኝ።»

«አንቺም እሱም መነፅር አታደርጉም?»

«እኔ አላደርግም። ምስክርማ ከዚህ ሆኖ የማዶውን ከብት በቀለሙ ይለያል።» የሞተ ሰው መሆኑ ትዝ አላትና «ይለይ ነበር» አለች።

ጋሽ ክንዱ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የፍኖተ ሰላምን ሙሽራ፣ ተመራቂና ሟች ሲያነሱ ኖረዋል። ምስክርን ከገጠር እንደመጣ ተቀብለው ሙያውን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ለሠርግ ሁልጊዜ የሚወጡት ሁለቱ አብረው ነው፤ ጋሽ ክንዱ ፊት ለፊት፣ ምስክር ከኋላቸው። እንቁ ቤታቸው ስትገባ በሩ ክፍት ስለነበር ድምፅ ሳታሰማ ቆመች። ፊታቸውን ወደ እርስዋ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ቀና ግን አላሉም። ጫማዋ ሲንቋቋ ማን ልበል አሉ። ሻይ ሲቀዱላት ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ብርጭቆው ውስጥ አጥፈው፣ ሙቀቱ ሲነካቸው አቆሙ። ይህን ሁሉ አየች።

እሑድ ከሰዓት ምድር ቤት ሱቃቸው ውስጥ እንደነበሩ፣ ላይኛው ክፍል በዚያ ቀን ጭራሽ እንዳልወጡ ነገሯት። አዲሱን ካሜራ ነክተውት ያውቁ እንደሆነ ስትጠይቅ የወጣቶች ነገር ነው፣ እኔ በእጄ አልያዝሁትም አሉ።

«ምስክር ላይኛው ክፍል እንደነበረ በምን አወቁ?»

«ሲያነሳ እሰማው ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሱቄን ዘግቼ ስወጣም ገና ያነሳ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ቤቴ ገባሁ። ብቻዬን ነኝ። ምስክር የለኝም።»

ቃላቸውን እንዲፈርሙ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ፊርማው ከመስመሩ ሦስት ጣት ወርዶ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ።

በዚያው ቀን ደጀኔ ኑዕማንን አሰረው። ኑዕማን ቡሬ የሚኖር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ካሜራውንም ከምስክር ጋር አብሮ ሄዶ ያስመረጠው እርሱ ነው። ቅዳሜ ሁለቱ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ሲጨቃጨቁ ሰው አይቷቸዋል። እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ የላይኛውን ክፍል የመንገድ በር ሲያንኳኳ ታይቷል። ጋሽ ክንዱ እንዳሉት ምስክር አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ወደዚያ የመጣ የታወቀ ሰው ኑዕማን ብቻ ነው። ከተማውም ወዲያው ፈረደ። ማክሰኞ ጠዋት የምስክር ዘመዶች ቡሬ የኑዕማን አባት ሱቅ ደጃፍ ቆመው አረፈዱ፤ አባትየው ሱቁን ዘጋ።

እንቁ ካሜራውን ይዛ እስር ቤት ገባች። ኑዕማን ከታሰረ ጀምሮ አልተኛም። የቅዳሜው ጠብ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ቡሬ ሄደው አብረው ስቱዲዮ እንዲከፍቱ ለምኖት እንደነበር ተናገረ፤ ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ነው። ምስክር ግን ጋሼን ትቼ አልሄድም ብሎ እምቢ አለ። እሑድ ሊታረቀው መጥቶ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ አገኘው፤ ቢሆንም ደጋግሞ አንኳኳ፣ ተጣራ፣ ሄደ።

«እስቲ ካሜራውን ስትገዙ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ኑዕማን ግራ ተጋባ፤ ግን ነገራት። ሱቁ ውስጥ ሦስት ካሜራ ተደረደረላቸው፤ ሦስቱም ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው፣ ሚረርለስ የሚባሉት፣ ባለ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ምስል መቀበያቸው ሰፊ የሆነ ናቸው። ሻጩ ለሠርግ አነስተኛው ይበቃችኋል፣ ይሄ ስልሳ አንድ ሜጋፒክስሉ ፋይሉ ይከብዳችኋል ብሎ መከራቸው። ምስክር አልሰማውም። ከኪሱ ተራ የፀሐይ መነፅር አወጣ፤ መስታወቱን ቫዝሊን ቀብቶታል። መነፅሩን አደረገና ሦስቱንም ካሜራ በተራ እያነሳ ኑዕማንን ፎቶ አነሳው። ሱቁ ውስጥ የነበረ ሁሉ ሳቀ። በሁለቱ ካሜራዎች ፎቶው ደበዘዘ። በሦስተኛው ግን ካሜራው ራሱ የኑዕማንን ዓይን ፈልጎ ያዘው፤ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ምስክር ያንን ገዛ።

«ሜጋፒክስሉ ለምን እንደበዛ ሻጩ አልጠየቀውም?»

«ጠየቀው። ‹አንሺው ቢስት እንኳ ሰፋ አድርጎ ካነሳልኝ ቆርጬ አወጣዋለሁ› አለው።»

«‹አንሺው› አለ? ‹ብስት› አላለም?»

ኑዕማን አሰበ። «አዎ። ‹አንሺው› ነው ያለው።»

እንቁ ካሜራውን ሰጠችውና ምንም ሳይነካ ዓይኑን ብቻ እንዲያስጠጋ አዘዘችው። አስጠጋና ወዲያው መለሰው።

«ይሄ ተነክቷል። ይህች ከማያው ጎን ያለች መዘውር ናት። መነፅር የሚያደርግ ሰው ያለ መነፅሩ እንዲያይበት በዓይኑ ልክ የሚያዞራት ናት። እስከ መጨረሻው ዞራለች። ምስክር እንዲህ አድርጎ ሊያይ አይችልም፤ ማንም ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው አያይም።»

«ድምፁስ? ሲያነሳ ድምፁ ይሰማል?»

«ምንም አይሰማም፤ ምስክር ከገዛው ቀን ጀምሮ ድምፁን አጥፍቶታል። የማርያም አለቃም ቅዳሴ ላይ እንዲያነሳ የፈቀዱለት ስለማይሰማ ነው።»

እንቁ ካሜራውን ቀስ ብላ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ኑዕማን ምን አጠፋሁ ብሎ ጠየቃት። አንተ ምንም አላጠፋህም አለችው፤ ፊቷ ግን የምሥራች የያዘ ሰው ፊት አልነበረም።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ላይኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ያምሮት ጥቁር ለብሳ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ወይዘሮ ደስታነሽ ከአጠገቧ ሆኑ። ኑዕማን በደጀኔና በአንድ ፖሊስ መካከል ቆመ። ጋሽ ክንዱ ሙሽሮች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አረፉ። ካሜራው መካከል ላይ በትራይፖዱ ቆሟል።

እንቁ ድምፅዋን ሳታነሳ ጀመረች። ምስክር ውጭ ወድቆ ሳለ በሩ ከውስጥ መቀርቀሩ ከወደቀ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንደነበረ ያሳያል አለች። ያ ሰው የኋላውን በር ቀርቅሮ፣ በመንገዱ በር ወጥቶ ጓጉንቸሩን ከውጭ ጫነው። ሌባ አልነበረም፤ በከተማው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ ትቶ ሄዷል። ሊደበቅ የፈለገም ብልህ ሰው አልነበረም፤ ብልህ ቢሆን ሰው በራሱ የወደቀ እንዲመስል የኋላውን በር ክፍት ይተወው ነበር። የቀረቀረው እጁ ለምዶ ነው። ይህን በር ለዓመታት ማታ ማታ ሲዘጋ የኖረ እጅ ነው።

ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረች። «ስምንት ሰዓት ላይ ያምሮት በዚህ ማያ የካህናቱን ጢም ቆጥራለች። ሰኞ ጠዋት ግን እኔም ደጀኔም ጭጋግ ነው ያየነው። ይህች መዘውር በዓይን ልክ የምትዞር ናት፤ ስለዚህ ከስምንት ሰዓት በኋላ ዓይኑ በጣም የደከመ ሰው እዚህ ቆሞ፣ ጥርት ብሎ እስኪታየው ድረስ አዙሯታል። ኑዕማን ጤነኛ ዓይን አለው፤ ሻጩ ጋ ቫዝሊን የተቀባ መነፅር ያደረገው ምስክርም ዓይኑ ደህና ነበር፤ ካሜራውን የሚመርጠው ዓይኑ ለደከመ ሌላ ሰው ነበር። ያምሮት በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፤ ረዳቱን ጠይቄያለሁ። ወይዘሮ ደስታነሽ ማኅበር ላይ ነበሩ።»

«አንድ ሰው ግን ምስክር አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፎቶ ሲያነሳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ፈርሞልኛል» አለች። «ይህ ካሜራ ድምፅ የለውም። ደጀኔ፣ ተጫነው።»

ደጀኔ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተጫነ። ክፍሉ ውስጥ ምንም አልተሰማም።

ሁሉም ወደ ጋሽ ክንዱ ዞሩ። እርሳቸው ፊታቸውን ወደ ካሜራው እንዳደረጉ የሚመጣውን ድምፅ ገና ይጠብቁ ነበር። ዝምታው ሲረዝም ገባቸው።

«ተጫነው ወይ?» አሉ።

«ሦስት ጊዜ ተጫነው፣ ጋሽ ክንዱ» አለች እንቁ።

አንገታቸውን ደፉ። ቀኝ ዓይናቸው ከአራት ዓመት በፊት በቀዶ ሕክምና እንደጠፋ፣ ግራውም ያለ ወፍራም መነፅር ሁሉን የሚያደበዝዝ እንደሆነ ለማንም ተናግረው አያውቁም። አሁን ሳይከለክሉ፣ ሳይለምኑም ተናገሩ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምስክር ኑ ጋሼ ብሎ ጠራቸው። ካሜራውን ፊታቸው ላይ አድርጎ ይህችን መዘውር ጥርት እስኪልዎ አዙሯት አላቸው። አዞሩ። ከዚያ እንደሚያውቅባቸው ገባቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁት።

«‹ሁለት ዓመት ሆነኝ› አለኝ። ‹እርስዎ ያነሱት ሲደበዝዝ እኔ ከኋላ ያነሳሁትን እየተካሁ ነበር› አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሠርጉ ‹እጅዎ ይባረክ› ይሉኛል። በየመንገዱ ቆመው ያመሰግኑኛል። አንዱም የእኔ አልነበረም። ‹ከዚህ ወዲህ ግን በዚህ ካሜራ ራስዎ ያነሳሉ፣ ዓይኑን እሱ ይይዝልዎታል፣ ቢያጋድልም እኔ ቆርጬ አስተካክለዋለሁ› አለኝ። እኔ አልሰማሁትም። ተነስቼ በጓሮው በር ወጣሁ። ተከትሎ መጣና ቀድሞኝ አንድ ደረጃ ወርዶ ክንዴን ያዘኝ፤ ዕውር እንደሚመራ ሰው። ገፋሁት።»

ሲወድቅ ከታች አንድ ድምፅ ብቻ እንደሰሙ ተናገሩ። በሩን እንደለመዱት ቀረቀሩ፤ በመንገዱ ወጥተው ቆለፉ፤ ምድር ቤት ሱቃቸው ገብተው መዝጊያውን ከውስጥ ስበው ተቀመጡ። የሱቁ መስኮት ወደ ጓሮው ነው።

«ያቃስት ነበር?» አለች እንቁ።

«ይጠራኝ ነበር። ወርጄ ባነሳው ሁሉም ያውቃል ብዬ ተቀመጥሁ። ቆይቼ እሄዳለሁ እያልሁ ተቀመጥሁ።» ፊታቸውን ኑዕማን ወዳለበት አዞሩ። «ይህ ልጅ መጥቶ ሲያንኳኳም ምስክር ገና ይተነፍስ ነበር።»

ኑዕማን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። በሩን ሰብሬ ብገባ፣ በጓሮው ዞሬ ብመጣ ብሎ ቀሪ ዘመኑን ሲያሰላ እንደሚኖር እንቁ አወቀች፤ ከእስር ፈታችው እንጂ ከዚህ ልትፈታው አትችልም።

ያምሮት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ ለጋሽ ክንዱ ነገረቻቸው።

«የሠርጋችንን ፎቶ የሚያነሱት እርስዎ ነበሩ። ካሜራውን የገዛው ለዚያ ነው። እሑድ ስንለያይ ነው የነገረኝ። ‹ጋሼ ካላነሱኝ አልዳርም› አለኝ።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ደጀኔ ሊያስራቸው ሲቀርብ ሁለት እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ። በመንገዱ በኩል ያለውን ደረጃ ሲያወርዷቸው እንቁ ክንዳቸውን ያዘች። በዚህ ጊዜ አልገፉም። ከታች የተሰበሰበው ሰው አንዱም ድንጋይ አላነሳም፣ አንዱም አልተሳደበም፤ ብዙዎቹ በእርሳቸው እጅ የተነሱ ናቸው።

መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ጋሽ ክንዱ ማን አጠገባቸው እንዳለ ጠየቁ። እንቁ ነኝ አለች።

«በዚያ ማያ አይቼው ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። «መዘውሯን ሳዞር የምስክር ፊት ድንገት ጥርት ብሎ መጣልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አይቼው አላውቅም ነበር። ጢም አውጥቷል። ይስቅ ነበር።»

እንቁ በሩን ዘጋችና ሾፌሩን ንዳ አለችው።